ሽታ የሌለው ሳሙና

ረቡዕ ዕለት ዌንደል ሃውገን ገና ሳይነጋ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳ። ሽታ በሌለው ሳሙና ገላውንና ጸጉሩን ታጠበ። ቡና አላፈላም፤ አጋዘን ሽታ ከሩቅ ስለሚለይ የቀስት አደን ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ቡናና ሽንኩርት ከዚያ ቤት ይታገዳሉ። አጃ በውሃ ቀቅሎ ከልጁ ከሊቭ ጋር በላ። ሲነጋ ጓሮ ወጥተው ኢላማው ላይ አምስት አምስት ፍላጻ ተኮሱ። በሠላሳ እርምጃ ርቀት የሊቭ ሁለቱ ወደ ግራ ሳቱ።

"ክርንሽ" አላት።

"ክርኔ ምን ሆነ?"

"ሰንፏል። ሆዱን የመታሽው አጋዘን ሁለት ቀን ተሰቃይቶ ነው የሚሞተው። እንደዚያ ከሆነ ቤት ቁጭ ብለሽ ሹራብ ሥሪ።"

"ብሠራልህ ትለብሰዋለህ?"

"ሽታ ከሌለው።"

ማክሰኞ ያጠቡት የአደን ልብስ ገመድ ላይ ደርቆ አድሯል። አጣጥፈው ክዳኑ ጥብቅ አድርጎ በሚገጥም የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ ከጥድ ቅርንጫፍ ጋር አስቀመጡት። ዌንደል ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር አይቶ "ልብስ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ሦስት ሰዓት ሲሆን የእጅ መጋዙን ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። ሊቭ ቅዳሜ የምትቀመጥበት ማማ ፊት ያለውን ቅርንጫፍ መልምሎ ለምሳ ሊመለስ ነበር።

አስር ሰዓት ላይ ሊቭ ፍለጋ ወጥታ አገኘችው።

*

መርማሪ ሬና ቶሌፍሰን ቦታው ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ዌንደል ውሃው በደረቀ ጠባብ ፈፋ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ዶክተር ማርሽ ተንበርክከው ደረቱን ሲመረምሩ ቆይተው ቀና አሉ።

"አንድ ፍላጻ ነው። በፊት ገብቶ በጀርባ ወጥቷል። ጫፉ ባለ ሦስት ስለት ነው። ልቡን አልነካውም፣ ሳንባውን ነው።"

"ምን ያህል ቆየ?"

"ግማሽ ሰዓት። ምናልባት ከዚያም በላይ።" ጓንታቸውን አወለቁ። "ቁስሉን ደፍኖ ወደ መኪና የሚያወርደው ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ሥራዬ ሌላ ይሆን ነበር።"

ሬና ደሙን ወደ ኋላ ተከተለችው። ዌንደል የተመታው ከማማው ሥር ነው፤ መጋዙ እዚያው ወድቋል። ከዚያ አስር እርምጃ ያህል ቁልቁል፣ ቀጥ ብሎ ድኋል። ቀጥሎ ያለ ምንም ምክንያት ወደ ጎን ታጥፎ ወደ ፈፋው ገብቷል። ከታጠፈበት ቦታ አስራ አምስት እርምጃ ዝቅ ብሎ አንድ የወደቀ ግንድ አለ። ከግንዱ ጀርባ ሣሩ ተጋድሟል። ሰው ረጅም ሰዓት ተቀምጦበታል።

ማስታወሻዋ ላይ ሁለት ጥያቄ ጻፈች። ለምን ወደ ተኳሹ ዳኸ? ለምን ታጠፈ?

የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ፣ ከፈፋው አፋፍ ጠራት። ዝቅ ባለ የጥድ ቅርንጫፍ ላይ የጣት ርዝመት ያላት ብርቱካናማ ሪባን ታስራለች።

"የደም ሪባን" አለ ሸሪፉ። "ያየ አዳኝ ሁሉ ያውቀዋል። ሰውዬው አጋዘን የመታ መስሎት ግማሽ ሰዓት ጠበቀ፣ ደሙን እየተከተለ ምልክት አሰረ። ሲደርስ ሰው ሆኖ አገኘው። ሪባኑን ለቃቅሞ እግሬ አውጪኝ አለ፤ አንዷን ረሳ። ወቅቱ ሳይከፈት የሚያድን ሌባ ነው። አደጋ ነው ሬና።"

"ሊሆን ይችላል።"

"አንቺ 'ሊሆን ይችላል' ካልሽ እኔ እንቅልፍ አላገኝም።"

ከማማው አጠገብ ያለ ግንድ ላይ የአጋዘን መተላለፊያውን ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ተገጥሟል። ክዳኑ ተከፍቷል፣ ካርዱ የለም።

*

ሊቭ ሃያ ዓመቷ ነው። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እጆቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። ጥፍሯ ሥር ደም አለ።

"ማማው ያለበትን ቦታ ማን ያውቃል?"

"አባዬ። እኔ። አጎቴ ቬርን። ኦሪን ፓይክም ያውቃል፤ ካሜራችንን የሚሰርቀው እሱ ነው።"

"ማማው የማን ነው?"

"ዘንድሮ የኔ ነው።" ቀና አለች። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እውነቱን ይነግሩኛል?"

"ጠይቂኝ።"

"ወዲያው ነው የሞተው?"

ሬና ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የሚመለሰውን 'አዎ፣ አልተሰቃየም' የሚል መልስ ታውቀዋለች። እሷም በጊዜዋ ተነግሯት ታውቃለች። "አይደለም" አለች። "ቆይቷል።"

"ብቻውን?"

"ይህን ገና አላውቅም።"

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ቬርን ኦዴል በሁለት እጁ በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሳህን ይዞ ገባ። ዌንደል ከወንድሙ በላይ የሚያየው ጓደኛው ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብረው አድነዋል። ሳህኑን አስቀምጦ የሊቭን ግንባር ሳመ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ብዪ እንጂ ልጄ። ድንች በአይብ ነው፤ ማቃጠሌን ችላ በዪው። አንቺስ ሬና፣ ልጅቷን እስከ መቼ ነው የምታፋጥጫት?"

"እስክጨርስ ድረስ። ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?"

"አይ ሬና! እኔንም?" ሳቅ ቢጤ ሞከረው። "እቤቴ። ቀስቴ አውታሩ ተልጦ ሰኞ ነው ለጥገና የሰጠሁት፤ ቀስት ቤቱን ጠይቂ፣ ነገ ነው የሚሰጡኝ። በባዶ እጄ ምን ላድን? በመጥረጊያ?" ከዚያ ወደ ሊቭ ዞረ። "ቅዳሜ እኔ ይዤሽ እወጣለሁ። ዌንደል የሚፈልገው ይህንን ነው። ከማማው እንድትቀሪ አይፈልግም ነበር።"

ሬና ደወለች። ቀስቱ ከሰኞ ጀምሮ ከነአውታሩ ሱቁ ውስጥ ተንጠልጥሏል።

*

ኦሪን ፓይክ ሐሙስ ጠዋት ጉንጩ አብጦ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ጥርስህን ምን ሆነህ?"

"አስነቀልኩት። ትናንት፣ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት። ከተማ ነበርኩ፤ ሐኪሟን ጠይቂ፣ ስድቤን እስካሁን አልረሳችውም።"

"ከስድስት ሰዓት በኋላስ?"

እጁን ያበጠው ጉንጩ ላይ አደረገ።

"ኦሪን፣ ሰው የሞተበት ቦታ ላይ ካርድ ጠፍቷል። ሌባ መባልና ነፍሰ ገዳይ መባል አንድ አይደለም። ምረጥ።"

"ሌባ" አለ ወዲያው። ገብቶ በአሮጌ የትምባሆ ቆርቆሮ ውስጥ አሥራ አንድ ካርድ ይዞ መጣ። "የዌንደል ይቺ ናት። ስምንት ሰዓት ላይ ከላይ ከሸንተረሩ ወርጄ አወጣኋት። ፈፋው ውስጥ እንዳለ አላየሁም፣ ይኸው እምላለሁ። ያን ትልቁን ወንድ አጋዘን እየመገቡ ከኔ መሬት ያሸሹታል፤ ፎቶውን ማየት ብቻ ነው የፈለግኩት።"

"አየኸው?"

"የታባቱ! ሦስት ሴት አጋዘንና አንድ ዌንደል።"

እውነቱን ነበር። ካርዱ ላይ የረቡዕ ጠዋት ስዕሎች ጥቂት ናቸው። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሦስት ሴት አጋዘኖች መተላለፊያው ላይ ቆመዋል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በሚቀጥለው ፎቶ ጅራታቸውን አቁመው ይሮጣሉ። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ዌንደል መጋዙን ይዞ ይታያል። ከዚያ ባዶ ነው። ገዳዩ የትም የለም። ሬና ካርዱን ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

*

ከሰዓት በኋላ ዌንደልና ቬርን በአደን ወቅት ወደሚያድሩባት ጎጆ ወጣች። አንድ ምድጃና ሁለት አልጋ አላት። በእያንዳንዱ አልጋ ራስጌ ስም ተቀርጿል። በግራው "ዌንደል" ይላል። በቀኙ ያለው ስም በቅርቡ በእንጨት መላጊያ ተፍቋል፤ ነጩ እንጨት ገና አልጠቆረም። በላዩ በእርሳስ "ሊቭ" ተብሎ ተጽፏል፣ ወደፊት ሊቀረጽ።

ከበሩ በላይ ምስማር ላይ አንድ አሮጌ ቀስት ተሰቅሏል። ግድግዳው አቧራ ለብሷል፤ ቀስቱ አልለበሰም። አውታሩን በጣቷ ነካችው። ትኩስ ሰም ነበረው።

አርብ ጠዋት ወደ ቬርን ጋራዥ ሄደች። በሩ ክፍት ነው። ሣጥኑ ታሽጓል፣ አዲሶቹ ስለቶች በተርታ ተደርድረዋል፣ ሰውየው ግን ተንበርክኮ ሽታው እንዲጠፋ ጫማውን በሶዳ ዱቄት ያሻል።

"ይኸውልሽ፣ ሌላው ሁሉ ቢዘነጋ ጫማ አይዘነጋም" አለ ቀና ሳይል።

"ሪባንህን አሳየኝ።"

"ሪባን? ሁሉም ሰው ያለው ነገር ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። ያንተን ነው የጠየቅኩህ።"

ከቦርሳው ኪስ አወጣላት። ቬርን ሪባን የሚቆርጠው በጥርሱ ነው፤ አንድ እጁ ቀስት ስለሚይዝ። የጥቅሉ ጫፍ ተሸርፎ ተዘልዝሏል። ሬና ከፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያቺን የጣት ርዝመት ሪባን አውጥታ ጫፍ ለጫፍ አገጣጠመችው። ገጠመ።

ቬርን ሪባኑን አየ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ማልቀስ ጀመረ።

"አጋዘን መስሎኝ ነው" አለ። "በአሮጌው ቀስት... ያን ትልቁን ከሁሉ ቀድሜ... አፍሬ ነው የደበቅኩት። ቅርንጫፍ ሲነቃነቅ አየሁ፣ ቡናማ ነገር አየሁ። ተኮስኩ፣ ወዲያው ወደ ኋላ ራቅኩ፣ እንደ ደንቡ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ከዚያ ደሙን ተከተልኩ። ሬና፣ ሆን ብሎ የገደለ ሰው ሪባን ያስራል?"

*

ሸሪፉ እፎይ አለ። "አላልኩሽም? ቸልተኝነት ነው። ፈቃዱን ይቀማል፣ ጥቂት ወራት ይታሰራል። ክፉ ዕድል ነው። ሰኞ ወረቀቱን ዓቃቤ ሕጉ ይፈርመዋል።"

ሊቭ ጣቢያው መጣች። ቬርን ሲያያት ተንበረከከ። እሷም ተንበርክካ አንገቱን አቀፈችው፤ ሁለቱም እንደዚያው ሆነው አለቀሱ። በኋላ ሬና ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠች።

"ለዓቃቤ ሕጉ የጻፍኩት ነው። እንዲምሩት። አባዬም ይምረው ነበር። አሁን ከእሱ ሌላ ማን አለኝ?"

ሬና ወረቀቱን አነበበችው። ጥሩ ወረቀት ነበር። "እስከ ሰኞ እኔ ጋ ይቆይ" አለች።

"ለምን?"

"አባትሽ ብቻውን ነበር ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እስካሁን አልመለስኩልሽም።"

ከዚያ ቬርን የነበረበት ክፍል ገብታ ወረቀትና እስኪርቢቶ ሰጠችው። "ሁሉንም ጻፍ። የት እንደተቀመጥክ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። ባጭሩ አይሁን። ካርታም ሣልልኝ።"

ቬርን በጥንቃቄ ጻፈ። ከግንዱ ጀርባ፣ ከአንድ ተኩል እስከ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሳይነሳ፣ አጋዘን እየጠበቀ። ግንዱን ሳይቀር በደንብ ሣለው። ፈረመበት።

*

ቅዳሜ አደኑ ተከፈተ። ሬና ከመውጣቷ በፊት ጋራዧ ውስጥ ያለውን አንድ ሣጥን ከፈተች። የሟች ባሏ የግሌን ነው። ሦስት ዓመት አልተከፈተም። ልብሱን ሳትነካ ከጥግ አንዲት ትንሽ የዱቄት ጡጦ አወጣች፤ አዳኞች ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያዩባት ናት። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ከግንዱ ጀርባ፣ ሣሩ በተጋደመበት ቦታ ተቀምጣ ጡጦዋን ጨመቀች። ነጩ ዱቄት አየር ላይ ጥቂት ቆየና ቀስ ብሎ ዳገቱን ይወጣ ጀመር። ማማውን አልፎ፣ አጋዘኖቹ የቆሙበትን መተላለፊያ አልፎ ሄደ። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ሦስቱንም ጊዜ በዚያው መንገድ ሄደ።

ተመልሳ ቬርንን አስጠራችው። ፎቶዎቹን ፊቱ ዘረጋች። ሸሪፉ በሩ ላይ ቆሟል።

"ይቺን ሴት አጋዘን እያት። አፍንጫዋ ወዴት ነው?"

ቬርን አየ።

"ቁልቁል። ወደ ግንዱ። ወዳንተ። በሚቀጥለው ፎቶ ሦስቱም ይሮጣሉ። ረቡዕና ዛሬ ሰማዩ አንድ ነው፤ ፀሐይ ተዳፋቱን ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ታሞቀዋለች፣ አየሩ ሽቅብ ይወጣል። አንተ ከታች ተቀምጠህ ሽታህን ለሁለት ሰዓት ያህል ወደ ላይ ስትልክ ነበር።"

"እና? ተሳስቼ ይሆናል።"

"አንተ? ጫማህን በሶዳ የምታሽ አንተ? ሊቭን በስድስት ዓመቷ ሣር አስበጥሰህ የነፋስ አቅጣጫ ያስተማርካት አንተ አይደለህም? እሺ፣ ተሳስተሃል እንበል። ሦስት አጋዘን ዓይንህ ሥር ሸሽቶ ሲሄድ አይተሃል። የትኛው ሞኝ ነው ከዚያ በኋላ አርባ አምስት ደቂቃ እዚያው የሚቀመጥ? ሳይነሳ ብለህ በእጅህ ጽፈሃል።"

ሸሪፉ ከበሩ ተነስቶ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ፎቶውን አንስቶ አየ። እሱም አዳኝ ነው።

"ነፋሱ ከጀርባህ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "የውሻ ልጅ።"

"ስትጠብቀው የነበረው ሰው ነው፤ ሰው እንደ አጋዘን አያሸትም" አለች ሬና።

ቬርን እጆቹን አየ። ሲናገር ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር፤ የአደን ወሬ የሚያወራ ይመስል።

"ነሐሴ ላይ ነው የነገረኝ። መኪና እየጠገንን። 'ዘንድሮ አልጋውንም ማማውንም ሊቭ ትያዘው፣ አንተ ጉልበትህም አሞሃል' አለኝ። ቁልፍ አቀብለኝ የሚል ያህል ቀለል አድርጎ። ሃያ ስድስት ዓመት! ስሜን የፋቀው በኔው መላጊያ ነው፣ ታውቂያለሽ? እኔው ነኝ ያዋስኩት። ለምን እንደፈለገው አልጠየቅኩም።"

"ሲመታ አንተን አየህ?"

"አላየኝም መጀመሪያ። ከግንዱ ጀርባ ስነሳ ነው ያየኝ። 'ቬርን፣ እግዚአብሔር ይመስገን' አለ። ወደኔ መዳህ ጀመረ።"

ሬና ማስታወሻዋን ገለጠች።

"አስር እርምጃ ያህል መጣ። ከዚያ ፊቴን አየው።" ቬርን ከንፈሩን ጠረገ። "ወደ ፈፋው ታጠፈ።"

"አንተስ?"

"ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰዓቴን አየሁ። የቆሰለ ነገር ወዲያው አይከተሉትም፤ ከተከተልሽው ይሮጣል፣ ሩቅ ሄዶ ይጠፋብሻል። ግማሽ ሰዓት ነው። ሁለት ጊዜ ስሜን ጠራኝ ከፈፋው። አልተነሳሁም። ሲሞላ ተነስቼ ደሙን ተከተልኩ። ሪባኑን ያሰርኩት አስቤ አይደለም ሬና። እጄ ነው። እጄ ይህንን ነው የሚያውቀው።"

"ለልጅቷ ድንች ይዘህ ሄድክ።"

"ራት አልበላችም ነበር" አለ ቬርን።

*

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሬና ወደ ሊቭ ቤት ሄደች። ወረቀቷን መለሰችላት። ከዚያ የገባችውን ቃል ጠብቃ ሁሉንም ነገረቻት፤ ግማሽ ሰዓቱንም፣ አባቷ ሁለት ጊዜ መጣራቱንም። ሊቭ ወረቀቱን መጀመሪያ ለሁለት፣ ቀጥሎ ለአራት ቀደደችው። አላለቀሰችም።

"አቅፌው ነበር" አለች።

"አውቃለሁ።"

"በጀርባዬ በኩል ጸጉሬን እየደባበሰኝ ነበር።"

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። የፕላስቲኩን ሣጥን እየጎተተች አምጥታ ወለሉ ላይ አኖረችው። ሬና ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባት። "ተዪው ሊቭ" ልትል አስባ ተወችው። ግሌን ሲሞት ለእሷም ማንም አላላትም ነበር፤ ቢልም አትሰማም ነበር።

ሊቭ ክዳኑን አነሳች። የጥዱ ቅርንጫፍ መድረቅ ጀምሯል። የአባቷን ሸሚዝ አውጥታ ፊቷን ቀበረችበት። ቆየች። ገልብጣ የአንገትጌውን ውስጥ አሸተተች፣ ከዚያ ብብቱን፣ ከዚያ ሱሪውን፣ ካልሲውን ሳይቀር አንድ በአንድ እያነሳች። ትራሱም አንሶላውም በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ሳሙና ታጥበዋል።

"ምንም የለም" አለች። "ጥድ ነው።"

"አዎ።"

"እኔ ነኝ ያጠብኩት። ሁለት ጊዜ አጥቢው ብሎኝ ሦስት ጊዜ ነው ያጠብኩት።"

ሬና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልብሱን መልሰው አብረው አጣጠፉት። ማቀዝቀዣው ላይ ዝርዝሩ እንደተለጠፈ ነው። ሸሚዝ ሁለት፣ ሱሪ ሁለት፣ ካልሲ አራት፣ ጓንት፣ ኮፍያ። ቆጠሩት፤ አልጎደለም። በቤቱ ውስጥ የዌንደል ሽታ ያለበት ነገር አልተገኘም።